ቀሪ

የቦሳ ቂጦ እድር ስም ጠሪ ነኝ እኔ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት መነጽሬ በዓይኔ፣
እስክሪብቶ በጆሮዬ፣
መዝገቡ በክንዴ፣ የጅማ ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልዬ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ስር ቆሜ፣
ለባለሐዘኖቹ ሰላምታ አስቀድሜ፣
«ተማም አባ ዲኮ!»
«አቤት!» ይላል ከኋላ፣ ወንበሩን ለሽማግሌ ለቆ።
«ወለቴ ደስታ!»
«አለሁ!» ትላለች ከጓሮ፣ ከንፍሮው ድስት ስር አንገቷን አንሥታ።
አቤት ያላለውን፣
በስሙ ትይዩ፣ በጠባቧ ሳጥን እጽፋለሁ «ቀሪ» የምትለውን።
ቅጣት ሠላሳ ብር።
ልጅ ሊድር ቢሄድ፣ ወገቡን ቢታመም፣ እህሉን ሊከምር፣
ምክንያት አልሰማም፤
ሞት ቀጠሮ አይለውጥ፣ እኔም አላስማማም።

«ተው አንተ ሰውዬ፣» ትለኝ ነበረ እታፈራሁ ሚስቴ፣
«በዚህ እጅህ ጥናት ማን ሊመጣልኝ ነው የሞትኩ ለት እቤቴ?»
«ሁሉም ነዋ፣» እላለሁ፣ «ሠላሳ ብር ፈርቶ»፤
ትስቃለች፣ ሳቋ ግድግዳ ተሻግሮ ጎረቤት ገብቶ።

ሐምሌ ዝናብ ይዞ መጣ።
በሽታውም ከሬዲዮ ወርዶ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ፣ ወደ ሰፈር ወጣ።
ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሻንጣዋን ሰጠኋት። ሻንጣ እንኳ አይባልም፣ ፌስታል፤
ፎጣና ማበጠሪያ።
ከጭምብሏ በላይ በቀሩት ዓይኖቿ የሳቀች ይመስለኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስልክ ተደወለ።
እኔ «ንክኪ ነህ» ተብዬ፣ የተማሪ ዶርም ውስጥ፣ ተደራራቢ አልጋ፣
ግድግዳው ላይ አንዱ ፎርሙላ ጽፎበት፣ እሱን ሳይ እስኪነጋ።

ስድስት ሰዎች ቀበሯት፣ ነጭ ላስቲክ ለብሰው።
ቄሱ ከአጥር ወዲህ ቆመው ፈቷት አሉ፣ ዝናብ ድምፃቸውን ወስዶት።

ጥሩምባ አልተነፋ።
ድንኳኑ በእቃ ቤት እንደተጠቀለለ አይጥ ወለደበት፣ ሸራውን ሻጋታ አጠፋ።
መቶ ሃያ ወንበር አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልሎ፣
ቁልፉ ከኔ ኪስ ውስጥ፣ ከጥርስ ሳሙናዬ ጋር ዶርም አብሮኝ ውሎ።

ደወሉልኝ ሁሉም።
መጀመሪያ ያችን ሴት፣ «እጅዎን ይታጠቡ፣ ርቀት ይጠብቁ» ባይዋን ሰሟት በስልኩ፤
ከዚያ በኋላ ነው «እግዜር ያጥናህ» ሊሉኝ ድምፃቸውን የላኩ።
ወለቴ አለቀሰች። የእሷ ለቅሶ መሬት ይጠይቃል፣ ደረት ይጠይቃል፣
በስልክ ሲሰሙት ግን ሽቦ የያዛት ድመት ይመስላል።
ተማም ምንም አላለ፤
ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ትንፋሹን ብቻ ከፈለ።

ነሐሴ ሲጠባ ለቀቁኝ። የአዌቱን ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ፣
ውሃው ጭቃ ለብሶ ይሮጣል። ቤቴን አለፍኩና እቃ ቤቱን ከፈትኩ።
አንድ ወንበር አውርጄ መሐል ላይ አኖርኩ።
አልተቀመጥኩበትም።
ቆሜ መዝገቡን ገለጥኩ።

«ተማም አባ ዲኮ!»
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ።
«ወለቴ ደስታ!»
ዝናብ።
«ሙዲን አባ ራያ! ላቀው ገብረየስ! ጫልቱ! ድንቄ!»
መቶ ሰማንያ ሦስት ስም፣ አንዱንም ሳልዘል።
እስክሪብቶዬ ከያንዳንዱ ጎን ወርዳ ትነሣለች፤
ቀለም እያላት ትነጥፋለች።

መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከማኅተሙ ስር፣
የስም ጠሪው ስም አለ፤ ማንም ጠርቶት አያውቅ፣ እኔም አልጠራውም ነበር።
ጠራሁት።
«አቤት» ልል አፌን ከፈትኩ፤
ያን ለት የት ነበርኩ?

ጻፍኩ።
ሠላሳ ብር ቆጥሬ ገጾቹ መሐል ሸጎጥኩ፣
ቀለሙ እስኪደርቅም ትንሽ ጠበቅኩ።
ሁለት ፊደል ናት።
ያልመጣም ማለት ናት፣ ያልሄደም።

ወንበሩን ሳልመልስ ቆልፌ ወጣሁ።